በየመንገዳችን ተቀምጠን

«ማን አስቀመጣችሁ?»

ይህን የጠየቀኝ ሻምበል ዛሬ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። መልሱን ያን ጊዜም አላወቅሁትም፤ ዛሬም አላውቀውም። ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ። ገበያ ለምን መንገድ ከሚገናኝበት ላይ እንደሚቆም፣ ቤተ መንግሥት ሲነሣ ከተማው ለምን አብሮ እንደሚኮማተር የሚያትቱ መጻሕፍት በእጄ አልፈዋል። ሰፍቶ የጠበበ ከተማ ለማየት ደግሞ ጎንደር ላይ ለተወለደ ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም። የሻምበሉን ጥያቄ የመለሰልኝ መጽሐፍ ግን አላገኘሁም።

የተያዝሁት ሰኞ ጠዋት ከማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ክፍል፣ ከጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሥራዬ መገልበጥ ነበር፤ መሐንዲሱ የነደፈውን ፕላን በስስ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም እገለብጣለሁ። ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። አግብቼ ከፈታሁ በኋላ ከሕፃናት ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርሁ። እንዲያ ደክሜ ያገኘሁት እጅ ስለሆነ መስመር ሲጣመም አልወድም። ሁለቱ ፖሊሶች ሲገቡ አንድ ረጅም መስመር ጀምሬ ነበርና «ትንሽ ታገሡኝ» አልኋቸው። መስመሩን ጨረስሁ፤ ብዕሩን ጠረግሁ፤ የቀለሙን ጠርሙስ ከደንሁ።

«ሰርግ የተጠራች ነው እንዴ የምትመስለው» አለ ወጣቱ ፖሊስ።

መሐንዲሱ ቀና ብሎ አላየኝም።

ለምን እንደ ተያዝሁ በከፊል ይገባኝ ነበር። በዚያ ዓመት የቅዳሜው ገበያ ከከተማው መካከል ተነሥቶ ወደ ታች፣ በአዘዞ መውጫ ወዳለው ሜዳ እንዲወርድ ተወስኗል። የድሮው ቦታ ለፒያሳ ቅርብ ስለሆነ ለባንክና ለሆቴል ተፈለገ። የአዲሱን ገበያ ፕላን የገለበጥሁት እኔ ነኝ። ሜዳው ዙሪያውን በቆርቆሮ ይታጠራል፤ ውስጡ እኩል እኩል ይሸነሸናል፤ በር ያለው አንድ ብቻ ነው፣ በደቡብ በኩል። አንድ በር የሆነው ቀረጥ ለመሰብሰብ እንዲመች ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ ሸጋ ነበር።

እኔ ግን በድሮው ገበያ ያደግሁ ነኝ። እናቴ ጌሾ ትሸጥ ነበር። እዚያ ሰው የሚቀመጠው በመጣበት መንገድ በኩል ነው። ከወገራ ቅቤ ይዘው የሚወርዱት በሰሜን፣ ከበለሳ የአንገረብን ወንዝ ተሻግረው ማር የሚያመጡት በምሥራቅ፣ ከደንቢያ በርበሬ የሚያመጡት በደቡብ ይቀመጣሉ። ከጭልጋ በኩል እንጨት በጀርባቸው አዝለው የቀሃን ወንዝ የሚሻገሩት ደግሞ ምዕራቡን ይይዛሉ። እንደ እናቴ ያለው የከተማ ሻጭ በየመካከሉ ይገባል። ሸክም የከበደው ሰው ገበያው ጫፍ ሲደርስ ያወርዳል፤ ሲሸጥም ሳይጋፋ ወደ መንገዱ ይወጣል።

እንጨት ሻጮቹ እስከ ቀትር ካልሸጡ በቀን አገራቸው አይገቡም። እንጨቱን የሚገዙት ጠጅ ቤቶችና ዳቦ ቤቶች ያሉት ደግሞ ከላይ፣ ከከተማው ውስጥ ነው። በአዲሱ ፕላን እንጨቱ በሻጯ ጀርባ ከተማውን ዞሮ በደቡቡ በር ይገባና፣ ከተሸጠ በኋላ በሌላ ሰው ጀርባ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል። ይህን አንድ ቀን ለመሐንዲሱ ነገርሁት።

«ይለምዱታል» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። የነገርሁትን ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም።

የመዛወሪያው ቅዳሜ ደረሰና ፖሊሶች በድሮው ገበያ ዙሪያ ቆሙ። ከብትና እህል የያዙት ወንዶች ወደ አዲሱ ሜዳ ወረዱ። ሴቶቹ ግን እንደ ወትሮው መጡ፤ እንደ ወትሮውም ተቀመጡ። አልጮሁም፣ ድንጋይ አልወረወሩም። ተነሡ ሲባሉ አልተነሡም፤ ያ ብቻ ነው። ሻምበሉ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት በቅርብ ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው። ከፖሊስ ጣቢያው ፎቅ ሆኖ ወደ ታች ሲያይ የተቀመጠው ሕዝብ መደዳውን ጠብቆ፣ መካከሉ ላይ ቀጥ ያለ መተላለፊያ ትቶ፣ አንዲት ሴት እንኳ ከቦታዋ ሳትዛነፍ አገኘው።

«ወታደር እንኳ ሳይሠለጥን እንዲህ አይቀመጥም» አለ ተባለ።

እንግዲህ ያሠለጠናቸውን ሰው መፈለግ ያዘ። ከየመደዳው ጥቂት ጥቂት ሴቶች አስለቀመ። እሑድ ደግሞ አንድ ሰው የማዘጋጃ ቤቷ ገልባጭ የጌሾ ሻጭ ልጅ መሆኗን ነገረው።

የገባሁበት ክፍል ጣሊያን ለዱቄት መጋዘን የሠራው ነው ይባላል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ ብረት፣ መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ ነበር። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆምሁ። መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው፤ የለጋ ቅቤ፣ የላብ፣ ጥግ ላይ ያለው የባልዲ፣ ከሁሉም ጋር የተቀላቀለ የጎመዘዘ ወተት። ከዚያ ሴቶቹ ታዩኝ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። በሩ አጠገብ ክፍት ስላገኘሁ ነጠላዬን ሰብስቤ እዚያው ቁጭ አልሁ።

«አንቺ ልጅ፣ መንገድ ላይ ነው የተቀመጥሽው» አሉኝ አንዲት አሮጊት።

ዞሬ አየሁ። ያለው ሲሚንቶ ነው።

«ምነው፣ አልሰማሽም? ተነሽ እንጂ። ሰው በየት ይለፍ?»

ተነሣሁ። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልሁት። ከበሩ እስከ ባልዲው፣ ከአንዱም ግድግዳ እስከ ሌላው፣ አንድ እግር የምታሳልፍ ባዶ መስመር ትተዋል። ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀው፣ እግር የሚዘረጉበት አጥተው ሳለ ያችን መስመር አንዳቸውም አልነኳትም።

አሮጊቷ የወገራ ቅቤ ሻጭ ናቸው። ከሻሼ እስከ ጫማዬ አዩኝ።

«የጌሾዋ ልጅ አይደለሽ?»

«ነኝ።»

«አፈር ልብላልሽ፤ ቁርጥ እናትሽን! ጫማ ካደረግሽ ወዲህ እኮ ጠፋሽብን።»

«እጇንስ አያችሁት?» አለች በወዲያኛው ግድግዳ በኩል ያለች ወጣት። «ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጠቆረው? ጥቁር አዝሙድ ይዘሽ ነው የመጣሽ?»

«ቀለም ነው» አልሁ።

«የወረቀቱን ቀለም እጅሽ ከጠጣው፣ ለወረቀቱ ምን ቀረለት?»

ሳቁ። እኔም ሳልወድ ፈገግ አልሁ። ወጣቷ በጭልጋ መንገድ የመጣች እንጨት ሻጭ ናት። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ረጥቧል። የጎመዘዘው ሽታ ከየት እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ። የሚጠባ ልጅ አላት። ቅዳሜ ሳይመሽ እመለሳለሁ ብላ ከአማቷ ዘንድ ትታው ወጥታ፣ ይኸው ሰኞ ሆነ።

«ጌሾ አልታሰረችም» አሉ ቅቤ ሻጯ፣ ከጎናቸው ያለችውን ጠባብ ክፍተት እያሳዩኝ። «አምልጣ ነው። ቦታዋ የናትሽ ቦታ ነበር፤ ነይ ግቢ።»

በገበያው ሰው በስሙ አይጠራም፤ በያዘው ነው የሚጠራው። እዚያም እንደዚያው ሆነ፤ ቅቤ፣ ማር፣ በርበሬ፣ እንጨት። እኔም ከተውሁት ዘመን ካለፈው ቦታ ገብቼ ጌሾ ሆንሁ። ትከሻዬ ከቅቤ ሻጯ ትከሻ ጋር ተጣብቆ ዋለ። የእናቴን ጎን ያስታውሰኝ ነበር።

ነገር ማጣራት ስለምወድ ሰሜኑን በምን እንዳወቁት ጠየቅሁ።

«አላወቁትም!» አለች የበለሳዋ ማር ሻጭ በንዴት። «ፀሐይ የገባችበት ግድግዳ ምሥራቅ ነው ብዬ ያዝሁ። ይቺ እንጨት መጥታ አስነሣችኝ።»

«ያየሻት የማታ ፀሐይ ናታ!» አለች እንጨት ሻጯ። «ዘበኛውን ጠየቅሁት። 'አያ፣ ቀሃ በየት በኩል ነው?' ብለው፣ 'ምነው፣ ልትዋኙ ነው?' አለኝ። ኋላ ግን በጣቱ አሳየኝ። ሁላችን ተነሥተን ዞረን ተቀመጥን።»

«እስካሁን አልተዋጠልኝም» አለች ማር ሻጯ።

በማግሥቱ ጠዋት ተጠራሁ።

የሻምበሉ ቢሮ ፎቅ ላይ ነው። ወለሉ ጣውላ ስለሆነ ሲራመዱበት ይናገራል። በመስኮቱ የድሮው ገበያ ይታያል። ባዶ ነበር፤ አንድ ሰው ችካል ሲተክል አንዲት ፍየል ከኋላው እየተከተለች ታየዋለች። ሻምበሉ ጉንፋን ይዞታል። ሻይ ቀርቦለት ሳይነካው ቀዝቅዟል።

«ተቀመጪ ወይዘሮ። ማን አስቀመጣችሁ?»

«እኔ ቅዳሜ እዚያ አልነበርሁም ጌታዬ።»

«ስለ ሁላችሁም ነው የምጠይቅሽ።»

«ማንም አላስቀመጣቸውም። ሁልጊዜም እንዲያ ነው የሚቀመጡት።»

«ሁልጊዜ ማለት ከመቼ ጀምሮ?»

«አላውቅም። ከእናቴ በፊትም እንዲያው ነበር።»

የአዲሱን ገበያ ፕላን ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የራሴን እጅ አየሁ።

«ይህን አንቺ አይደለሽ የገለበጥሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«መሐንዲሱ ይህን ነድፎ እስኪጨርስ ምን ያህል ቆየ?»

«ብዙ ወራት።»

«አየሽ? አንድ ሜዳ ለመሸንሸን የተማረ ሰው ወራት ይፈጅበታል። ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶች በአንድ ጠዋት ሲያደርጉት ግን ማንም አላዘዛቸውም ትይኛለሽ።»

እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ደካማ አልነበረም። በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ክፍል ቢሆን ስለዚህ ነገር ብንጨዋወት በወደድሁ።

«ይህ አድማ ነው» አለ መሐረቡን እያወጣ። «አድማ ደግሞ መሪ አለው። ስሟን ስጪኝ፤ እሷ ትቀራለች፤ የቀሩት ዛሬውኑ ወደ ቤታቸው፣ አንቺም ወደ ጠረጴዛሽ። ካልሆነ ጉዳዩን ለበላይ እጽፋለሁ። መልሱ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ እኔም አላውቅም።» ባዶ ወረቀትና እርሳስ ገፋ አደረገልኝ። «ፕላን ታውቂ የለም? የሴቶቹን አቀማመጥ አንሥተሽ አምጪልኝ። ከታች ያስቀመጠቻቸውን ሴት ስም ጻፊበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

«ማስመሪያ ያስፈልገኛል» አልሁ።

መሳቢያውን ከፍቶ ሰጠኝ።

ወደ ክፍሉ ተመልሼ የተባለውን ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኋቸው። ሲሚንቶው ሻካራ ስለሆነ እርሳሱን አላስኬድ አለኝ። አያ ዘበኛው በበሩ ቀዳዳ ሲያየኝ ቆይቶ በሩን ገርበብ አድርጎ የሚቀመጥባትን ሣንቃ አቀበለኝ።

«በቁሜ መዋሌ ነው» አለ። «ሸጋ አድርገሽ ሥሪው።»

መንገዶቹን አስቀድሜ አሠመርሁ፤ የወገራውን፣ የበለሳውን፣ የደንቢያውን፣ የጭልጋውን። ከዚያ መደዳዎቹን አስከተልሁ። ሴቶቹ በየቦታቸው ሆነው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይቺ እኔ ነኝ?» አለች ማር ሻጯ።

«አንቺ ነሽ።»

«ትንሽ ወደ መንገዱ አስጠጊኝ እስቲ፤ ወረቀት ላይ እንኳ ገዢ ይየኝ።»

«እንደ ነበርሽው ሁኚ!» አሉ ቅቤ ሻጯ። «በኔ ላይ ልትመጪ ነው?»

«አንቱን ማን ነካ? በርበሬን ነው የምገፋው።»

በርበሬ ሻጯ ከወዲያ ተሳደበች። ጥቂት ተሳሳቁ። እኔ ሥራዬን ቀጠልሁ።

ስጨርስ ከልማድ የተነሣ ከታች፣ በቀኝ ጥግ፣ አራት ማዕዘን ሣልሁ። በማዘጋጃ ቤቱ ደንብ የባለ ፕላኑ ስምና ፊርማ የሚገባው እዚያ ነው። የገልባጭ ስም አይጻፍበትም።

«ይቺ ጎጆ የማን ናት?» አሉኝ ቅቤ ሻጯ በጣታቸው እያመለከቱ።

«ጎጆ አይደለችም እማማ። የዚያች ሴት ስም የሚጻፍባት ናት።»

ጣታቸውን አላነሡም። በወረቀቱ ላይ የቅቤ ምልክት ቀረ።

«እንግዲያው የኔን አስገቢባት። እኔ ምን አለብኝ? ልጆቼ ራሳቸውን ችለዋል። ጉልበቴም ያን ዳገት እምቢ ብሎኛል፤ እዚሁ ባርፍ ይሻለኛል።»

ቀልድ ሊያስመስሉት ፈለጉ፤ ማንም አልሳቀም። ጠረጴዛዬ ታየኝ፤ የቀለሙ ጠርሙስ፣ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን። ከዚያ ሁላችንም፣ ሳንነጋገር፣ ወደ እንጨት ሻጯ ዞርን። ከሁላችን ይልቅ ቀኑ የሚቆጠረው በሷ ላይ ነው።

«ምነው እኔን ታዩኛላችሁ?»

«ጡትሽ ልጄ፣ ጡትሽ» አሉ ቅቤ ሻጯ። «ጠዋት እንኳ በቅቤ ባላሸው ድንጋይ ሆኖ ነበር። እኔ ብቀር ማታ ልጅሽን ታጠቢዋለሽ።»

እንጨት ሻጯ ቀሚሷን ከደረቷ አላቃ ያዘች። በአገሯ ቋንቋ ለራሷ አንድ ነገር አለች።

«አልዋሽም» አለች በኋላ። «'የኔን ጻፊ' ሲሉ ልቤ ዘለለ። እሰይ አልሁ በሆዴ። ግን በሚመጣው ቅዳሜ እንጨቴን አውርጄ ቀና ስል፣ በሰሜን በኩል ያንቱ ቦታ ባዶ ሆኖ ሳየው በምን ዓይኔ እቀመጣለሁ?» ትንሽ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። «ደግሞም ሐሰት ነው። እኔን እዚያ ያስቀመጠችኝ እናቴ ናት፤ እሷም ሞታለች። ከፈለገ ሄዶ ይሰራት።»

«የኔንም እናት ይጨምርልኝ» አለች በርበሬ ሻጯ።

«እኔን ያስቀመጠችኝ አማቴ ናት» አለች ማር ሻጯ። «አለች፣ ደኅና ናት፤ እሷን ቢያስርልኝ ማር እወስድለታለሁ።»

በዚያን ጊዜ የሳቅነውን ሳቅ ዛሬም በጆሮዬ እሰማዋለሁ። እንጨት ሻጯ አልሳቀችም። ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ሻምበሉ ረጅም ጊዜ አየው። ይዞት ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ከውጭው ሜዳ ጋር እያስተያየ ራሱን ነቀነቀ። ሥራ የሚያውቅ ሰው ጥሩ ሥራ ሲያይ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ከዚያ ጣቱ ከታች፣ በቀኝ ጥግ ላይ ቆመ።

«ይህስ?»

«የባለ ፕላኑ ስም የሚገባበት ነው ጌታዬ። ደንቡ ነው።»

«ባዶ ነው።»

«አዎ። ባለቤቱን አላውቅም። የማላውቀውን አልጽፍበትም።»

«አንዷን ብትጽፊ እኮ ሁላችሁም ቤታችሁ ነበራችሁ።»

«ነግሬያቸዋለሁ። እነሱም አይጻፍ አሉ።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልመታኝም። ወረቀቱን በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ማስመሪያውን ከእጄ ተቀበለ።

«እንግዲያው ትቆያላችሁ» አለ። ድምፁ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

ቆየን። የሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ፤ በመስኮቱ የሚገባ የገበያ ጫጫታ አልነበረም። ቅቤ ሻጯ ማለዳ ማለዳ የእንጨት ሻጯን ጡት ማሸት አላቋረጡም። እሷም ፊቷን ወደ ምዕራቡ ግድግዳ አዙራ ወተቷን መሬት ላይ ታልበዋለች። ያን ጊዜ ሁላችንም ወደ ሌላ እናያለን። ከዚያ ማሸት የማያስፈልግበት ጠዋት መጣ። ቀሚሷ ደርቆ ነበር።

ሌላ ቅዳሜም ካለፈ በኋላ አንድ ቀን በሩ ተከፈተና «ሂዱ» ተባልን። ምን ተጽፎ ምን መልስ እንደ መጣ አልተነገረንም። የወጣነው በዚያችው በተውናት መስመር ነው። አንዷ ስታልፍ አንዷ እየጠበቀች፣ ማንም ሳይጋፋ ወጣን። እንጨት ሻጯ ቀድማ ነበረች። ግቢው በር ላይ ስንደርስ ወደ ቀሃው መውረጃ ስትሮጥ ጀርባዋን ብቻ አየነው። ሕፃኑን የባሏ እኅት አጥብታው እንደ ቆየች ኋላ ከቅቤ ሻጯ ሰማሁ። ልጁ ድኗል። ወደ እናቱ ጡት ግን አልተመለሰም።

ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ክፍል ሥራ ተሰጠኝ፤ ጡረታ እስክወጣም እዚያው ነበርሁ። አልከፋሁበትም።

አዲሱን ገበያ ያየሁት ከተፈታሁ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ሰው ሁሉ በአንዱ በር ተጋፍቶ ይገባል። ከገባ በኋላ ግን በኖራ የተሠመረውን ቁጥር እየረገጠ፣ የወገራው ወደ ሰሜን፣ የበለሳው ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። እንጨት ሻጮቹ በምዕራብ በኩል ጀርባቸውን ከቆርቆሮው ጋር አጣብቀው ተቀምጠዋል። ክረምቱ ሲወጣ ልክ በዚያው ቦታ ከቆርቆሮው ሁለቱ ጎድለው ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ በምስማር አስመታው፤ እንደገና ጎደለ። በመጨረሻ ሰለቻቸውና በር አደረጉት። ማን እንደ ከፈተው ተጠይቆ ነበር ይባላል።

እንጨት ሻጯን በዚያ በር ስትገባ አንድ ቀን አየኋት። በጀርባዋ እንጨት፣ ከፊቷ በአንቀልባ ያቀፈችው ልጅ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አንገቷን ዝቅ አደረገች። ሰላምታ ይሁን ሸክሙ ጎትቷት አላወቅሁም። ተከትዬ ልጠይቃት ሁለት እርምጃ ሄድሁና ቆምሁ። አይጻፍ ያለችው እሷ ናት፤ የከፈለችውም እሷ ናት። ይህን እኔ እንደ ራሴ ገድል አድርጌ ማውራት አልቻልሁም። ስለዚህ ለማንም አልተናገርሁም። ለዘመዶቼም «ታምሜ ነበር» እያልሁ ዘመኑ አለፈ።

መንግሥታት ተለዋወጡ። ከተማው ያን ሜዳ አልፎ ወደ አዘዞ ወርዶ ተዘረጋ። ከከተማ ውጭ የነበረው አዲሱ ገበያ በተራው መካከል ሆነ፤ በተራውም ቦታው ተፈለገ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንዲት ወጣት ከቤቴ በር በባጃጅ መጥታ ወረደች። ከማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ክፍል ነኝ አለች። ጫማዋ ጭቃ ነበር፤ በሩ ላይ አወለቀችው።

«እማማ፣ ገበያው ሊነሣ ነው» አለችኝ። «ሳይነሣ አቀማመጡን እናጥና ብለን ነው የምንዞረው። የድሮውን ያውቃሉ አሉኝ። ለካን፣ ቆጠርን፤ ግን አልገባንም። ይህን ሁሉ ማን ነው እንዲህ ያስቀመጠው?»

ያንኑ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። ፊቷን አየሁ። ስም ፈልጋ አልነበረም፤ ማወቅ ነበር የፈለገችው።

«ማን እንደሆነ አላውቅም» አልኋት። «የነበረውን ግን አነሣልሻለሁ።»

ወረቀትና እርሳስ ሰጠችኝ። ማስመሪያዬን ከመሳቢያ አወጣሁ። እጄ እንደ ድሮው አይደለም፤ የበለሳው መንገድ ጥቂት ተጣመመብኝ፤ አጥፍቼ ደግሜ አሠመርሁት። መደዳዎቹን ሞላሁ። ቅቤ፣ ከጎኗ ጌሾ፣ በምዕራብ እንጨት። እጄም ከልማዱ ከታች፣ በቀኝ ጥግ፣ ያችን አራት ማዕዘን ሠራ።

ልጅቱ የደንቡን ነገር አውቃ ደስ አላት። «ስምዎን ይጻፉባት እንግዲህ።»

«የኔ አይደለችም።»

«ታዲያ ለምን ሣሏት? ባዶዋን ልትቀር?»

እርሳሱን አስቀመጥሁ። ልጅቱ በሩ አጠገብ፣ መተላለፊያው ላይ፣ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ነበር።

«እስቲ ተነሽና ወደዚህ ጠጋ በይ» አልኋት። «መንገድ ላይ ነሽ።»

ተነሥታ መጣች። ከጎኔ ቦታ ሰጠኋት። ከእስር ክፍሉ የብረት በር ጀምሬ ነገርኋት።